ሦስት ጊዜ ኖራ የተቀባው ግድግዳ

አንዲት ሴት ነበረች፤ የሙታንን ድምፅ ትጠብቅ ነበር።

ጥያቄህን ሰምቻለሁ፣ ልጄ። «ማኅበራችን የጥንቱን የሸማ ጥበብ ከመጥፋት ሊያድን የቆመ ነው፤ ከዚህ የሚያምር ዓላማ የለም። ታዲያ ሠራተኞቼ ለምን አንገታቸውን ደፍተው ይሠራሉ? ዓላማውን አስጠናኋቸው፤ አጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩላቸው፤ ምን ጎደለ?» አልከኝ። መልሱ ያለው ከእኔ ዘንድ ሳይሆን ከዚያች ሴት ዘንድ ነው። እኔ ልንገርህ፤ አንተ እየቆጠርክ ስማ።

ሴትዮዋ የአንድ ቤት ኃላፊ ነበረች። ቤቱ ባለ አምስት ክፍል ነው፤ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ ዳገት ላይ ይታያል። ያቆመው አንድ ባለጸጋ ነው። ባለጸጋው በጉብዝናው ወራት በሰው ማሳ ደቦ እየወጣ ያረመ፣ ያጨደ ሰው ነው፤ ኋላ በእህል ንግድ ከበረ። ሲሸመግል ግን አንድ ነገር አየ። ማጨጃ መኪና በገባበት ቀበሌ ሁሉ ማጭዱ ብቻ ሳይሆን የማጭዱ ዘፈንም አብሮ ይቀራል። «እህሉንስ መኪና ያጭደዋል፤ ዘፈኑን ማን ይሰበስበዋል?» አለና ቤቱን ሠራ። ሲሞት ለቤቱ አንድ መስመር ብቻ ተወለት፤ «የደቦ ዘፈን ከዚህ ቤት አይጥፋ» የሚል።

የደቦን ዘፈን ታውቃለህ። አንዱ ያቀነቅናል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ክንድ ከክንድ የሚገጥመው በዚያ ነው። ነገር ግን ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሚሄድ ሕግ አለ። በደቦ ቀን አቀንቃኙ በባለ ማሳው ላይ የፈለገውን ቢዘፍን ባለ ማሳው አይቆጣም። ንፉግ ከሆነ ንፉግ ይባላል። ሚስቱን የሚበድል ከሆነ በመቶ ሰው ፊት ይሰማዋል። ቢቆጣ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ላይ የሚወጣለት አያገኝም። ስለዚህ ዝም ብሎ ይሰማል፤ ብልህ ከሆነ ደግሞ ወደ ጓዳ ገብቶ ጠላው ወፈር እንዲል ያዛል።

ኃላፊዋ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ አርባ ዘፈን በካሴት ቀድታለች፤ አብዛኛውን በእግሯ እየሄደች ነው። ከሁሉም የምትሳሳለት ግን የአያ ጓንጉል ነበር። አያ ጓንጉል የዚያ አገር የመጨረሻው የደቦ አቀንቃኝ ነው። የሁለት ቀን መንገድ ተጉዛ፣ ከማሳው ዳር ቁጭ ብላ፣ ሃያ ሦስት ዘፈኑን በአሥራ አንድ ካሴት ቀዳች። ከመካከሉ ይህችኛዋን ሲያወርድ በሳቅ ደብተሯ ከእጇ ወድቆባት ነበር፦

«ባለ ማሳው ጌታ፣ ጠላህ ቀጠነሳ፣
እኛም ይህን ነዶ፣ ቀስ ብለን እናንሳ።»

አያ ጓንጉል በዓመቱ ሞተ። የካሴቶቹ ቅጂ የለም። ልታስገለብጣቸው አስባ፣ «በተሽከረከሩ ቁጥር ይጎዳሉ» ሲሏት ፈራችና ተወችው። ስለዚህ አያ ጓንጉል ማለት እነዚያ አሥራ አንድ ካሴቶች ብቻ ናቸው። እነሱ ከጠፉ ዳግመኛ ሞተ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ምግብ ስትበላም፣ ፀጉሯን ስትሠራም ከራሷ አይወጣም ነበር።

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ፈሪ ነበረች። ለሚወደው ነገር የሚፈራ ሰው ደግሞ ደንብ ያበዛል። ባለጸጋው ለቤቱ አንድ መስመር ተወለት፤ እሷ አሥራ ሰባት ደንብ ጨመረችለት። በቤቱ ውስጥ መዝፈንም ማንጎራጎርም ክልክል ነው፤ ካሴት የሚያዳምጠውን ሰው ይረብሻልና። የአያ ጓንጉል ካሴቶች ያሉበት የኋላው ክፍል ቁም ሣጥን አቧራ እንዳይገባው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይከፈታል፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። አሥራ ሰባተኛው ደንብ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ በዕቃም ሆነ በቤቱ ላይ ጉዳት ያየ ሠራተኛ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ጉዳቱን ያደረሰውንም ሰው በስም ይግለጽ።

ደንቡ በተለጠፈ በሁለተኛው ወር የጽዳት ሠራተኛዋ እናንዬ የኃላፊዋን በር አንኳኩታ ገባች።

«እትዬ፣ የመካከለኛው ክፍል መስኮት መቀርቀሪያው ወልቋል።»

«ማን ነቀለው?»

«እኔ እንጃ። ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ ስም የለውም፣ እናንዬ። ሂጂና ጽፈሽ አምጪ።»

እናንዬ ማንን ትጻፍ? ቢጨንቃት የራሷን ስም ጻፈች። ለሦስት ቀን ከሥራ ታገደች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት አንድም ነገር ተሰብሮ አያውቅም። ማለቴ፣ ተሰበረ ብሎ የተናገረ ሰው የለም። ሠራተኞቹ ዘጠኝ ናቸው። ሰኞ ሰኞ ኃላፊዋ አሰልፋ «ሁሉ ደኅና ነው?» ትላለች፤ ዘጠኙም በየተራ «ደኅና ነው» ይላሉ። እሷም «ቤቱ ሥርዓት ያዘ» ብላ ደስ አላት።

ክረምት ገባ። የዚያ ዓመት ሐምሌ ሰማዩን እንደ ወንፊት የበሳው ሐምሌ ነው።

አንድ ጧት ኃላፊዋ ወደ ኋላው ክፍል ስትገባ ኖራ ሸተታት። ቁም ሣጥኑ የተደገፈበት ግድግዳ፣ ዓይን የሚደርስበት ሁሉ፣ ነጭ ተደርጎ ተቀብቷል። «ማን አዘዛችሁ?» ብትል «ቤቱ እንዲያምር ብለን ነው፣ እትዬ» አሏት። አመሰገነቻቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ግድግዳ እንደ ገና ተቀብቶ አገኘችው። አሁንም አመሰገነች። ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ሦስተኛ ተቀባ።

ያን ጊዜ ጠረጠረች። ሰው አንድን ግድግዳ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ለምን ይቀባል?

ጥበቃውን ጋሽ አንዳርጌን ጠራችው። ጋሽ አንዳርጌ ውሸት የማይሆንለት ሽማግሌ ነው። «ክረምት ነው፣ እትዬ» አላት፤ የሚያየው ግን ጫማዋን ነበር። «ኖራ ደግሞ ክረምት ይወዳል።»

«ኖራ ክረምት ይወዳል?»

«ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር ማስተዋል ጀመረች፤ ያስተዋለችው ሁሉ ግን የሚጨበጥ አልሆነም። እሷ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። በኮሪደሩ ውኃ የሞላ ሳፋ አየች፤ «ለወለል ማጠቢያ ነው» ተባለች። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ከኋላው ክፍል ጠብ የሚል ነገር የሰማች ይመስላታል፤ ጆሮዋን ስታቀና ግን አንዱ ይስላል። ጠብ ሲል ይሳላል። እንደ ገና ጠብ ሲል ሌላው ይስላል። በነሐሴ ያ ቤት የሳንባ በሽተኛ የተኛበት መሰለ። መድኃኒት ግዙ ብላ ፈቃድ ሰጠቻቸው፤ አንድም የገዛ የለም።

አንድ ቀን ልቧ አላስቀምጥ ብሏት ከሥራ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማ መጣች። ዘጠኙም ቀድመዋታል። በረንዳው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የሁሉም ልብስ ጫፉ ረጥቧል።

«በዚህ ሰዓት ምን ትሠራላችሁ?»

«ሥራ ስለምንወድ ነው፣ እትዬ» አለች እናንዬ። አንድ ሰው ሳለ።

ኃላፊዋ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ሰባት ዓመት የሰው ድምፅ ስታዳምጥ የኖረች ሴት ናት፤ የሰው ድምፅ እውነት ሲይዝና ሲጎድለው ትለያለች። የነዚህ ዘጠኝ ሰዎች «ደኅና ነው» ባዶ ቅል እንደሆነ ጆሮዋ ነግሯታል። ይሁን እንጂ ምን ብላ ትጠይቅ? የምታውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰኞ ሰኞ ጠይቃዋለች።

በዚሁ መካከል ከአያ ጓንጉል አገር መልእክት መጣ። በነሐሴ ሃያ ሰባት፣ ቅዳሜ፣ አርባ ሰዎች ድምፁን ሊሰሙ ይመጣሉ። የሟቹ ሚስትም ትመጣለች ተባለ። አሮጊቷ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ እንዲህ ብላ ልካለች፦ «በጤፍ አረም ላይ ያወረደውን፣ ያን እኔን ያየበትን ቀን ዘፈን፣ አንድ ጊዜ ልስማውና ልሙት።» ኃላፊዋ ዘፈኑን ታውቀዋለች። በዘጠነኛው ካሴት ላይ ነው።

መልእክቱን እንዳነበበች ወደ ኋላው ክፍል ሄደች። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ከቁም ሣጥኑ ፊት ቆመች። ቁልፉን ወደ ቀዳዳው አስጠጋችና እጇን መለሰች። «ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፤ ደንብ ነው» አለች ለራሷ። ደንቡ ሰበብ ነው። የፈራችው በውስጡ ያለውን ማየት ነው። ሰው እንዲህ ነው፤ ያልተከፈተ ሣጥን ውስጥ ያለ ነገር ገና አልጠፋም።

ነሐሴ ሃያ ሦስት፣ ማክሰኞ፣ ቁም ሣጥኑ እንዳለ ወደ አዳራሹ ይውጣ አለች፤ እንግዶቹ የአያ ጓንጉል ድምፅ የሚያድርበትን እንዲያዩ። ዘጠኙ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ቁም ሣጥኑ የዋንዛ ሥራ ነው፤ ዘጠኝ ሰው የሚፈትን ክብደት አለው። ያዙት። አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል፤ ሌላው ሲያነሳ አንዱ ይለቃል። አልተነቃነቀም። እንደ ገና ሞከሩ፤ አልሆነም። በሦስተኛው የአንዱ ጣት ሊቀረጠፍ ደረሰ።

ጋሽ አንዳርጌ ላቡን ጠረገ። «እትዬ፣ ያለ ዘፈን እንዲህ ያለ ዕቃ አይነሳም። እርስዎ ይህን ከኛ በላይ ያውቁታል።»

ታውቀዋለች። ከደብተሯ ውስጥ በእጇ ጽሕፈት ተጽፏል። በዚያ ቤት ሲዘፈን ተሰምቶ ግን አያውቅም። ጥቂት አመነታች፤ ቅዳሜ ደግሞ አራት ቀን ቀርቶታል። «እሺ፣ ዝፈኑ» አለች።

ሁሉም ወደ እናንዬ ዞሩ። እናንዬ ሻሿን ከወገቧ አሠረችና ቁም ሣጥኑን በጥግ በኩል ያዘች። መጀመሪያ ድምፅዋ ዝግ ብሎ ነው የወጣው፦

«የእትዬ ቤት ሲያዩት፣ ከሩቁ ያበራል፣
ኖራ በኖራ ላይ፣ ሦስቴ ተሞሽሯል።»

«እሆ!» አሉ ስምንቱ፤ ቁም ሣጥኑ ስንዝር ያህል ተነቃነቀ። በሳል ያልተሸፈነ ሳቅም ሾለከ። ኃላፊዋም ፈገግ ለማለት ሞከረች። የደቦ ዘፈን በሙገሳ እንደሚጀምር ታውቃለች። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣም ታውቃለች፤ አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ ቀዘቀዛት።

እናንዬ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

«ለሞተ ሰው ጆሮ፣ መች ነሣት ፈጣሪ፣
ደነቆረች እንጂ፣ ለቆመ ነጋሪ።»

የተቀበለ የለም። ስምንት አፍ ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ አንዳርጌ ዓይኑን ጨፈነ። እናንዬ ፊቷ አመድ መሰለ፤ የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም።

ኃላፊዋ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ደንቡ፣ እገዳው፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ምላሷ ላይ መጣ። ከቁጣዋ ሥር ግን ያ ፍርሃት ነበር፤ ሳምንታት ሙሉ ስትሸሸው የቆየችው። አሁን ይህችን ሴት ዝም ካሰኘቻት፣ ቀጥሎ ሊመጣ ያለውን ስንኝ እስከ ዕድሜ ልኳ አትሰማውም። እሱ ደግሞ የኖራው ነገር ነው። የሳፋው ነገር ነው። ሦስት መቶ አርባ ዘፈን ሰብስባለች፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ባለ ማሳው ተሰድቦ ዝም ብሏል። በሰው ማሳ ዳር ቁጭ ብላ የሳቀችበትን ሕግ በራሷ ማሳ ላይ ልትሽረው ነው።

ጫማዋን አወለቀች። ማንም ያልያዘውን አንዱን ጥግ ያዘች፤ ትከሻዋንም ሰጠች።

«እሆ!» አለች።

ለራሷ ስድብ ተቀባይ ሆነች ማለት ነው። ድምፅዋ የአቀንቃኝ ድምፅ አይደለም፤ ተሰነጠቀ። ቢሆንም ስምንቱ «እሆ!» ብለው ተከተሏት። እናንዬ እንባዋ እየወረደ ሦስተኛውን አወረደችው፦

«አሸንዳው ተሰብሮ፣ ግድግዳው ሲጠጣ፣
የአያ ጓንጉልን ድምፅ፣ ከውኃ ማን ያውጣ።»

«እሆ!» ቁም ሣጥኑ ከመሬት ተነሣ። ሁለት ክንድ ያህል ወደ ፊት ሄደ፤ ከጀርባው ያለውም ተገለጠ።

ኖራው የደረሰው ከጎንና ከጎን ነው። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል፤ ውኃው እንደ ላብ እየወረደ ነው። የቁም ሣጥኑ ጀርባ እንደ ራሰ ዳቦ ሆኗል። ኃላፊዋ ቁልፉን ብትከተው አልዞረም፤ እንጨቱ አብጧል። በብረት ፈለቀቁት። በላይኛው መደርደሪያ የነበሩት ሰባቱ ካሴቶች ደርቀው ተገኙ። በታችኛው ያሉት አራቱ ሻግተዋል፤ ክራቸው እርስ በርሱ ተጣብቋል። በአራቱ ላይ የነበረው ዘጠኝ ዘፈን ነው። ዘጠነኛው ካሴት ከነሱ ጋር ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጠች። አፏ የለመደውን ሊል ተከፈተ። «ማን...» አለችና ዋጠችው። ዘጠኙም ያን ቃል ሲጠብቁ ትከሻቸው ሲሸማቀቅ አይታ ነው የዋጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከሐምሌ አምስት» አለ ጋሽ አንዳርጌ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። «እኔ ነኝ። ከጀርባ ያለውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስቆርጥ አሸንዳው ላይ ወድቆ ሰነጠቀው።»

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ ቀሩ፣ ጋሽ አንዳርጌ? ያን ዕለት ቢነግሩኝ እኮ ካሴቶቹን በእጄ አወጣቸው ነበር።»

የመለሰችው እናንዬ ናት፦ «ስንት ቀን ሊያግዷቸው፣ እትዬ?»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተናገረ። በየጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እየመጡ ሳፋውን ሲደፉ፣ ወለሉን ሲያደርቁ፣ እርጥበቱ ነጩን አልፎ ብቅ ሲል በኖራ ሲመልሱት ኖረዋል። ቁጠረው፤ ከሐምሌ አምስት እስከ ነሐሴ ሃያ ሦስት አርባ ስምንት ቀን ነው። አርባ ስምንት ጧት፣ ዘጠኝ ሰው፣ ማንም ሳያዛቸው። ተራ አውጥተው፣ ጨርቅ ከየቤታቸው አምጥተው፣ እንቅልፋቸውን ቀንሰው። አሸንዳውን አንድ ባለሙያ በግማሽ ቀን ይጠግነው ነበር። ሰነፎች ነበሩ እንዳትል፤ እንደነሱ የሚለፋ ሰው አላየሁም። ቤቱን አይወዱም እንዳትል፤ ለጠብታው ያልሳለ የለም። ያ ሁሉ ልፋት ግን የዋለው ድምፁን ለማዳን ሳይሆን ከኃላፊዋ ለመደበቅ ነው።

ቅዳሜ አርባው ሰዎች መጡ። ኃላፊዋ በፊታቸው ቆማ፣ የጋሽ አንዳርጌን ስም ሳታነሣ፣ «አራቱ ካሴት በእኔ እጅ ጠፋ» አለች። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ተጠግታ በጉልበቷ ወደቀች። «የአረሙ ዘፈን ከጠፉት ጋር ነው፣ እማማ» አለቻት።

ሰው ሁሉ አሮጊቷ «አይዞሽ፣ ልጄ» የምትል መስሎት ነበር። አላለችም።

«ሰባቱን አሰሚኝ» አለች። «ስለ አራቱ ግን ይቅርታ አድርጊልኝ አትበይኝ። እሱን ቀብሬው እንኳ እንዲህ አላዘንኩም፤ አንቺ ጋ አለ ብዬ ነበራ።»

ሰባቱን አሰማቻት። አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ከንፈሯን ሳትመጥ፣ ተደግፋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ኃላፊዋ አሥራ ሰባተኛውን ደንብ ከግድግዳው ላይ በገዛ እጇ ገነጠለችው። ሰው ግን በአንድ ቀን አያምንም። ሰኞ መጣና «ምን ተበላሸ?» ብላ ጠየቀች፤ ዘጠኙም «ምንም» አሏት። በሁለተኛው ሰኞም «ምንም»። በእያንዳንዱ ሰኞ መጀመሪያ የራሷን ጥፋት ትነግራቸው ጀመር፤ ይህን ተሳሳትኩ፣ ያን ረሳሁ እያለች። በአምስተኛው ሰኞ ለአሮጊቷ የጻፈችውን የሐዘን ደብዳቤ አነበበችላቸውና ላከችው። በስድስተኛው ሰኞ እናንዬ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና «እትዬ፣ ለአሮጊቷ የላኩት ደብዳቤ ራስዎን የሚያስታምም እንጂ እሷን የሚያጽናና አይደለም፤ ባይላክ ይሻል ነበር» አለቻት። ኃላፊዋ ያን ቀን ምሳዋን በደስታ በላች ይባላል፤ ደብዳቤው ሄዷል፣ አይመለስም፤ ቢሆንም።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ያ ቤት ያንተ ማኅበር ነው። ያች ሴት ባለ ማሳውን የሚደፍር ዘፈን ትሰበስብ ነበር፤ በቤቷ ግን የሚደፍራት ሰው አላኖረችም። አንተም በሸማኔ ሁለት እጅ የተሠራ ጥበብ ትጠብቃለህ፤ ሸማኔ ድሩ ሲበጠስ እዚያው አቁሞ እንደሚቀጥል ታውቃለህ፤ ካላቆመ ጥለቱ ሁሉ ይበላሻል። በቢሮህ ግን «ክር ተበጠሰ» ብሎ ሥራ ያቆመ ሰው ምን ይደርስበታል? ሰው የቤትህን ዓላማ ከግድግዳ ላይ አያነበውም። ጥፋቱን ይዞ በርህን ባንኳኳበት ቀን ከፊትህ ላይ ያነበዋል፤ ያነበበውንም ወጥቶ ለባልደረቦቹ ይነግራቸዋል። የሰቀልከው ጽሑፍ ስንት መስመር ነው? ያወጣኸው ደንብስ ስንት ነው? በዚህ ወር «ተሳስተሃል» ያለህ ሰው ስንት ነው? ሦስተኛውን ስትቆጥር ጣትህ ካልተንቀሳቀሰ፣ «ሁሉ ደኅና ነው» ብለህ እንዳትተኛ። የሆነ ቦታ ሳፋ የሚደፋ ሰው አለ።

አላመንከኝም፤ በፊትህ አይቼዋለሁ። «የእኔ ሰዎች ይነግሩኛል፣ ያከብሩኛል» እያልክ ነው በልብህ። እሺ። የተቀመጥክበት ዱካ አንድ እግሩ ላልቷል። ከመጣህ ጀምሮ አራት ጊዜ ሲያጋድልህ ቆጥሬያለሁ፤ አራቱንም ጊዜ በጉልበትህ ደግፈህ፣ ፈገግ ብለህ፣ «እየሰማሁ ነው፣ አባባ» አልከኝ። ለምን አልነገርከኝም? ሽማግሌ ለማክበር ብለህ ነው፤ አልቀየምህም። ከአንተ በኋላ የሚቀመጥበት ሰው ግን ወገቡ ይሰበር ነበር።

ያንተም ሠራተኞች የሚያከብሩህ እንዲሁ ነው። በል ተነሥ፤ መዶሻው ከበሩ ኋላ አለ።